ወተት ያልተስማማው ሆድ፦ ከዋሂል ጓዳ እስከ ላቦራቶሪ

ዋሂል ከድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ክላስተሮች አንዷ ናት፤ ሌሎቹ ጀልዴሳ፣ አሰሊሶና ቢዮ አዋሌ ናቸው። ማሽላና በቆሎ ይዘራባታል፤ ፍየል፣ ላምና ግመል ይረባባታል፤ ኦሮሞውና ሶማሌው ጎን ለጎን ይኖርባታል። እኔ ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ተወልጄ ያደግኩ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በላቦራቶሪ ውስጥ ሰገራ፣ ደምና ሽንት ስመረምር ነው። ዋሂልን በልጅነቴ ያወቅኳት በወተቷ ነው፤ ኋላ ደግሞ በሥራ ስመላለስባት በሕፃናቷ ተቅማጥ አወቅኳት። እነዚህ ሁለቱ የአንድ ታሪክ ክፍሎች ናቸው፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

ወተት የማይስማማው ሰው ብዙ ነው። ሐኪሞች ነገሩን በወጉ ያወቁት ከስልሳ ዓመት ወዲህ ነው። የዋሂል ባልቴቶች ግን ምክንያቱን ሳይሆን መላውን ቀድመው ያውቁ ነበር። መላው የሚገኘው በቅሉ፣ በጭሱና በእርሾው ውስጥ ነበር።

ቤታችን ወተት የሚያመጡልን አንዲት የዋሂል እናት ነበሩ። እናቴ «አዴ» ትላቸው ስለነበር እኛም ልጆቹ አዴ እንላቸው ነበር። ጎህ ሳይቀድ አህያቸውን ጭነው ይነሱና ፀሐይ ሳይበረታ ከዚራ ይደርሳሉ፤ የተረፋቸውን ቀፊራ ገበያ ወስደው ይሸጣሉ። ሥራ ከያዝኩ በኋላ ወደ ዋሂል በወጣሁ ቁጥር ቤታቸው ጎራ እል ነበርና ዕቃ ሲያጥኑ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ቅሉን በፈላ ውኃ ያለቀልቁታል፤ አፉን ደፍተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። ከዚያ ጫፉ ፍም የሆነ የወይራ እንጨት ቅሉ ውስጥ ይከቱና ከወዲያ ወዲህ እያንከባለሉ የውስጡን ግድግዳ በፍሙ ይዳብሱታል። ክዳኑን ገጥመው ጭሱ እስኪታፈን ይጠብቃሉ። ሲከፍቱት ከሰሉን አራግፈው በንጹሕ ጨርቅ ይጠርጉታል፤ ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሰደው ጥላሸቱ መያዝ አለመያዙን ያያሉ። ወተቱ የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጭሱ መዓዛ ይሰጣል፤ ወተቱ ያለ ልክ እንዳይበላሽም ይጠብቀዋል። ያኔ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው እያሱ ሰይፉ ሽኒሌና ጅጅጋ ይባሉ በነበሩት ዞኖች የግመል ወተት አያያዝን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ የማጠን ልማድና ሶማሌዎች ዳናን የሚሉትን የረጋ የግመል ወተት መዝግቧል።

የታለበው ወተት ለማን እንደሚሰጥ በአዴ ቤት ደንብ ነበረው። ከፊሉ ይፈላና ለትንንሾቹ ልጆች ይሰጣል። ከፊሉ ለሆጃ ይቀመጣል፤ ሆጃ የቡና ገለባ ተፈልቶ በወተት የሚጠጣ የሐረርጌ መጠጥ ነው፤ ወተቱ እዚያ ውስጥ የሚገባው በመጠኑ ነው። ብዙው ግን የትናንቱ እርጎ ባለበት ቅል ላይ ይጨመርና እስከ ማግስቱ ያድራል። ለትልቅ ሰው ጥሬ፣ ማለትም ያልረጋ፣ ወተት በባዶ ሆድ አይቀርብም። «አዴ፣ እርስዎ ጥሬውን ለምን አይጠጡም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ልጄ፣ ጥሬው ለጥጃና ለሕፃን ነው። የኛ ሆድ ያደረ ይወዳል» አሉኝ።

ይህ መልስ በሕክምና ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ትምህርት ልቡን ይዞታል። ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። ይህ ስኳር እንዳለ ወደ ደም አይገባም፤ በቀጭኑ አንጀት ግድግዳ ላይ ያለ ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ግሉኮስና ጋላክቶስ ወደሚባሉ ሁለት ስኳሮች ሊከፍለው ይገባል። ጥጃም ግልገልም የሰው ልጅም ሲወለዱ ላክቴዝ አላቸው። ጡት ከተጣለ በኋላ ግን ኢንዛይሙ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በአጥቢ እንስሳት ሁሉ ሕጉ ይህ ነው። ከዓለም አዋቂ ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ሰውም የሚከተለው ይህንኑ ሕግ ነው። ያልተከፈለው ላክቶስ ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርድ ውኃ ስቦ ይወርዳል፤ ባክቴሪያዎች ያቦኩትና ሃይድሮጅን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አሲድ ያወጣሉ። ሆድ ይነፋል፣ ይንጫጫል፣ ይቆርጣል፤ ሲብስም ያስቀምጣል። ወተት ሲረጋ ግን ባክቴሪያዎቹ ከላክቶሱ ከፊሉን ቀድመው ይበሉታል፤ የራሳቸውን ኢንዛይምም ይዘው ከእርጎው ጋር ወደ አንጀት ይገባሉ። አይብ ሲወጣ አብዛኛው ላክቶስ ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። ቅቤማ ከላክቶስ ነፃ ነው ለማለት ይቻላል። አዴ «ያደረ» የሚሉት ይህን ሁሉ ሥራ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረውን ነው።

ወተት በዚህ አገር ሸቀጥ ሆኖ የቆየ እንዳይመስላችሁ። ድሬዳዋ ሳትኖር የዚህ አካባቢ የንግድ በር ጀልዴሳ ነበረች። ከዘይላ የሚመጣው የግመል ቅፍለት እዚያ ሲደርስ ጭነቱ ይራገፍና በአህያና በበቅሎ ወደ ሐረር ተራራ ይወጣ ነበር። ነጋዴው ጨርቅ፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ ይሸጥ ነበር እንጂ ወተት የቤት ነገር ነበር፤ ለልጅ፣ ለእንግዳ፣ ለበሽተኛ። እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ የባቡሩ ሐዲድ ተራራውን ትቶ ሜዳው ላይ ሲያርፍ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዓረቡ፣ ህንዱና ከየአገሩ የመጣው ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ በአንድ ከተማ ሰፈረ። ላም የሌለው፣ ወተት የሚገዛ ሰው በብዛት የመጣው ያኔ ነው። የገጠር ሴት ከቤቷ የተረፈውን ወደ ከተማ ማውጣት ጀመረች፤ ገንዘቡም የሷ ሆነ። በኔ ዕድሜ ያየሁት ለውጥ ደግሞ ጀሪካኑ ነው። ቢጫው ጀሪካን ቀሊል ነው፣ አይሰበርም፣ አህያ ላይ ይመቻል። ነገር ግን እጅ ገብቶ አያጥበውም፤ ፍም አይገባበትም፤ ጭስም እንደ ቅል አይዝም። በዚያ ሙቀት ጀሪካን ውስጥ መንገድ የዋለ ወተት ከተማ ሲደርስ የሚያስቀምጥበት ምክንያት ላክቶስ ብቻ አይሆንም፤ ይህን ሐኪሙም በላተኛውም ሊያስበው ይገባል።

የኛ ቤት የክርስቲያን ቤት ነው። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 የሚበልጡ ቀናት ከወተትና ከሥጋ ይታቀባል። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ከዚያ ፋሲካ ይመጣና በአንድ ሌሊት እርጎው፣ ቅቤው፣ ዶሮው፣ ወተቱ ይዘንባል። እናቴ ከመግደፋችን በፊት ተልባ ታጠጣን ነበር፤ ሆዳችሁን ያለሰልሰዋል ትላለች። በላቦራቶሪ የቆየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ የፋሲካ ማግስት ሳምንት ለምርመራ የሚመጣው ሰገራ ይበዛል። የተበላሸ ምግብ አለበት፣ ጥጋብ አለበት፣ ቅባት አለበት። ወተትም አለበት፤ ሆድ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ወተት ሲያገኝ በትልቁ አንጀት ያሉት ባክቴሪያዎች ይለምዱታልና ሕመሙ ይቀንሳል፤ ሁለት ወር ተቋርጦ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ግን ልማዱ ጠፍቶ ይቆየዋል።

ወደ ሐኪሞቹ ታሪክ ልግባ። በሂፖክራጥስ ስም ከሚታወቁት የግሪክ ድርሳናት አንዱ፣ አይብ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት እንዳልሆነ፣ አንዱ ጠግቦት ምንም ሳይሆን ሌላው እንደሚታመምበት አስተውሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ለሺህ ዓመታት ተኛ። አውሮፓ ውስጥ ሕክምናን የሚጽፉት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ወተት የሚስማማቸው ሰዎች ስለነበሩ ወተት ለሁሉም ይበጃል ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 እና በ1966 ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ የሠሩ ሐኪሞች ነገሩን ፈቱት። ጤናማ አዋቂዎችን ላክቶስ አጠጥተው ሲለኩ፣ ከነጮቹ ጥቂቶቹ፣ ከጥቁር አሜሪካውያኑ ግን አብዛኞቹ የማይፈጩ ሆነው አገኟቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኖርማን ክሬችመር የተባለው የስታንፎርድ ሐኪም ናይጄሪያ ውስጥ ከብት አርቢውን ፉላኒና ገበሬውን ዮሩባ አነጻጽሮ፣ ልዩነቱ ከቆዳ ቀለም ሳይሆን ከከብት ጋር ከኖሩበት ዘመን ርዝመት እንደሚመጣ አሳየ።

እዚህ ላይ የኛ አገር ትገባለች። ፍሬደሪክ ሲሙንስ የሚባል አሜሪካዊ የጂኦግራፊ ሊቅ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በበጌምድርና በሰሜን ተዘዋውሮ ስለ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝብና ኑሮ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1960 መጽሐፍ አሳትሟል። ሰው የሚበላውንና የማይበላውን መከታተል ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970 ደግሞ ወተት የመጠጣት ልማድ ባለበት አገር ላክቴዝ ያላቸው ሰዎች በትውልድ ብዛት እየተመረጡ እንደመጡ የሚገልጸውን ሐሳብ ያቀረበው እሱ ነው። ሐሳቡን ያገኘው ኢትዮጵያ ነው አልልም፤ የበጌምድርን የከብት በረትና የጾም ገበታ ያየ ዓይን ግን ይዞ ነው የጻፈው።

በራሳችን ሐኪሞች ግን እኮራለሁ። አዲስ አበባ በነበረው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ክሊኒክ የሠሩት ዶክተር ደምሴ ሀብቴ ከስዊድናዊው ዬራን ስቴርኪና ከሌላ ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ላክቶስ አለመፍጨት ጥናት አሳተሙ። የአሜሪካኖቹ ግኝት ገና ሰባት ስምንት ዓመቱ ነበር። ዶክተር ደምሴ ከዚያ የአዲስ አበባን የሕክምና ፋኩልቲ በዲንነት መርተዋል፤ ዳካ ባንግላዴሽ ያለውን ዓለም አቀፍ የተቅማጥ በሽታ ምርምር ማዕከል መርተዋል፤ የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚም ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነዋል። የሕፃናት ተቅማጥን የሚያክም ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይህን ስም ሊያውቀው ይገባል።

ጥናቱ የወጣበት ዘመን የወሎ ረሃብ ዘመን መሆኑን አስቡ። ለተራበ የሚላከው ከባሕር ማዶ የተረፈ ቅባቱ የወጣለት የወተት ዱቄት ነበር፤ በ1977 ዓ.ም. ድርቅም እንደዚያው። ከዱቄቱ ክብደት ግማሽ ያህሉ ላክቶስ ነው። አንጀቱ በረሃብና በተቅማጥ የተላጠ ሕፃን ይህን በብዛት ሲጠጣ ሊብስበት ይችላል። የአዲስ አበባው የሕፃናት ምግብ ክፍል በዚያው በስዊድኖቹ ትብብር ያዘጋጀው ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብ የተሻለ መንገድ የያዘው፣ ወተት ዱቄቱን በጥቂቱ አድርጎ ከእህልና ከጥራጥሬ ጋር ስለቀላቀለው ነው። ዛሬ በጠና የተጎዳ ሕፃን ሲተኛ መጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ 75 የተባለው ፈሳሽ ምግብም በዚያው ጥበብ ላክቶሱ ዝቅ ተደርጎ የተሠራ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ደግሞ ዘረመል ተጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2002 የፊንላንድ ተመራማሪዎች የአውሮፓውያንን ላክቴዝ በጉልምስና እንዳይጠፋ የሚያደርገውን አንዲት የዘረመል ፊደል ለውጥ አገኙ። አፍሪካ ላይ ስትፈለግ ግን እምብዛም አትገኝም። በ2007 በታንዛኒያ፣ በኬንያና በሱዳን ሌሎች ለውጦች ተገኙ። በ2009 የወጣው ጥናት ለኛ የቅርባችን ነው፤ ወተት ጠጪ የሆኑ 107 የኢትዮጵያ ሶማሌ ግመል አርቢዎችን መርምሮ፣ በዚያ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ከአንድ በላይ የሆኑ ለውጦች ላክቴዝን እንደሚያቆዩ አሳየ። አንደኛው ለውጥ ዓረቢያም ውስጥ የሚገኝና ከግመል ወተት ጋር የሚያያዝ ነው። ለኔ ግን ከዚህ ጥናት ትልቁ ነገር ሌላ ነው፤ ከእነዚያ ወተት ጠጪዎች መካከል ላክቴዝ ያላቸውም የሌላቸውም ነበሩ። ላክቴዝ ሳይኖራቸው ዕድሜ ልካቸውን በወተት የኖሩ ሰዎች አሉ ማለት ነው። እንዴት ቻሉ? የረጋው፣ ጥቂት በጥቂት የሚጠጣውና የለመደው አንጀት መልስ ይሰጣሉ ብዬ አምናለሁ። ይህ የአዴ ቤት ደንብ ነው።

አሁን ሐኪም ዘንድ እንሂድ፤ ሐኪም ዘንድ ስል ግን የእህቴን ልጅ ላስቀድም። ሰባት ዓመት ሲሞላው ጠዋት ጠዋት ሆዱን ይቆርጠው ጀመር። አንድ ክሊኒክ ተወሰደ፤ «አሜባ ነው» ተባለና ሜትሮኒዳዞል ተሰጠው። ተመለሰበት፤ «ጃርዲያ ነው» ተባለና እንደገና ያው ክኒን። ሦስተኛ ጊዜም ያው። አፉ ብረት ብረት እያለው፣ ምግብ እያስጠላው ከሳ። በዚህ አገር ሆዱን ያመመው ሁሉ አሜባ አለበት የሚባልበት ልማድ ብዙ ልጅ ጎድቷል፤ በማይክሮስኮፕ ነጭ የደም ሕዋስን አሜባ ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ የሥራ ባልደረቦቼም ይህን ያውቃሉ።

በመጨረሻ ያየው አንድ አዛውንት ሐኪም ነበር። ክኒን አልጻፈም፤ ወንበሩን ወደ እህቴ አስጠጋና ይጠይቃት ጀመር። መቼ ነው የሚያመው? ከበላ በስንት ሰዓት? ጠዋት ምን ይጠጣል? ማታስ? ደም አለው? ክብደቱ ቀንሷል? ትኩሳትስ? ሌሊት ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል? ቤተሰብ ውስጥ ወተት የማይስማማው አለ? ከዚያ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀ፦ «ልጁ ፍልሰታን ጾሟል? በዚያን ጊዜ እንዴት ነበር?»

ፍልሰታ የሕፃናት ጾም ነው፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15። እህቴ ትንሽ አሰበችና ልጁ በነዚያ ቀናት አንድም ቀን ሆዴን እንዳላለ አስታወሰች። ነሐሴ 16 ጠዋት ግን ወተት ጠጥቶ ቤተ ክርስቲያን ሳይደርስ ተመለሰ። ሐኪሙ ፈገግ አለ። በዓለም ላይ ያሉ ሐኪሞች የምግብ አለመስማማትን የሚመረምሩበት ዋናው ዘዴ የተጠረጠረውን ምግብ ለሁለት እስከ አራት ሳምንት ማስቆም፣ ሕመሙ መሄድ አለመሄዱን ማየት፣ ከዚያም ምግቡን መልሶ ሰጥቶ መከታተል ነው። ቤተ ክርስቲያን ለዚያ ልጅ ይህን ምርመራ ያለ ክፍያ አድርጋለት ነበር፤ የሚያነበው ሰው ነው የጠፋው። ለሙስሊም ልጅም እንዲሁ ነው፤ የረመዳን ኢፍጣር ላይ ወተት ሲጠጣ ሕመሙ ሰዓቱን ጠብቆ ከመጣ፣ ለሐኪሙ መጠየቅ ብቻ ነው የቀረው።

ከጥያቄው በኋላ ነው ላቦራቶሪ የሚመጣው። ለሕፃናት ከቅርብ ሰዓት የመጣ ፈሳሽ ሰገራ ያስፈልጋል። መጀመሪያ አሲድነቱን በወረቀት እናያለን፤ ከ5.5 በታች ከሆነ አንጀት ውስጥ ስኳር እየቦካ ነው ብለን እንጠረጥራለን። ከዚያ ሰገራው በውኃ ይበጠበጥና ይጠለላል፤ ቤኔዲክት የተባለው የስኳር መፈተሻ ፈሳሽ 5 ሚሊ ሊትር ባለበት የመስታወት ቱቦ ላይ ጥቂት ጠብታ ይጨመራል፤ ቱቦውን ዘንበል አድርጎ በእሳት ላይ ማፍላት ነው። ስኳር ከሌለ ፈሳሹ እንደ መጣበት ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ካለ ግን ከታች ጀምሮ አረንጓዴ ይሆናል፣ ይቢጫል፣ ብርቱካን ይመስላል፤ ስኳሩ ከበዛ የሸክላ ቀይ ደለል ይዘቅጣል። ከዋሂል የመጣ የስምንት ወር ሕፃን ሰገራ በዚያ ቱቦ ውስጥ ቀይ ሲሆን ማየቴ አይረሳኝም፤ የጀመረው ቀደም ሲል በያዘው ከባድ ተቅማጥ ነበር።

ለአዋቂ ሌላ አለ። ሌሊቱን ጾሞ ያደረ ሰው 50 ግራም ላክቶስ በውኃ በጥብጦ ይጠጣል፤ በአንድ ሊትር ወተት ውስጥ ያለው ያህል ነው። በየግማሽ ሰዓቱ እስከ ሁለት ሰዓት ደሙ ይለካል። የደም ስኳሩ ከመነሻው ቢያንስ በ20 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ካልጨመረ ላክቶሱ አልተፈጨም። የስኳር በሽታ መለኪያ ባለበት ጤና ጣቢያ ሁሉ ሊሠራ የሚችል ነው። በሠለጠነው ዓለም ትንፋሽ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ይለካል፤ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የተለመደው እሱ ነው።

ጎበዝ ሐኪም ግን ውጤቱን ይዞ አይቸኩልም። መጀመሪያ አለርጂን ይለያል፤ የወተት አለርጂ የሰውነት መከላከያ በወተቱ ፕሮቲን ላይ የሚነሣው ነው፤ ቆዳን ያሳብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሊገድልም ይችላል፤ እርጎም ቢሆን አይታገሥም። አለመስማማት ግን ያስቸግራል እንጂ አይገድልም። ቀጥሎ ላክቴዙ የጠፋው በዕድሜ ነው ወይስ በሌላ በሽታ ብሎ ይጠይቃል። ጃርዲያ፣ ብርቱ ተቅማጥ፣ ረሃብ፣ ሴሊያክ የሚባለው የስንዴ ግሉተን በሽታ የአንጀቱን ግድግዳ ሲልጡት ኢንዛይሙም አብሮ ይሄዳል። ያ ሲሆን በሽታው ሲታከም ላክቴዙ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመለሳል። የዋሂሉ ሕፃን እንደዚያ ነበር። ጡት እንዲያቆም አልተደረገም፤ የጡት ወተት ከላም ወተት የበለጠ ላክቶስ እያለውም ማቋረጥ አይገባም። በላም ወተቱ ፋንታ ግን እርጎ ተተካለት፤ ገንፎም ተጨመረለት። ዳነ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መመሪያ ላይ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ተቅማጥ የቆየበትን ሕፃን በተመለከተ የተጻፈውን ላካፍላችሁ፤ ጡት አብዝታችሁ አጥቡ፤ ሌላ ወተት የሚጠጣ ከሆነ በረጋ ወተት ተኩት፣ ወይም ግማሹን በገንቢ ለስላሳ ምግብ ተኩት ይላል። የዓለም ጤና ድርጅትን ምክር ተከትሎ የተዘጋጀ ነው። ዋሂል ላይ አንዲት ወጣት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይህን ለእናቶች ስታስረዳ አንዲት አሮጊት «ይህንንማ እናቴ ታደርገው ነበር» ብለው ሲመልሱ ሰምቻለሁ። ልጅቷ አክብራ አዳመጠቻቸው። ሁለቱ እውቀቶች እንደዚያ ሲገናኙ ደስ አለኝ።

የእህቴ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። ማለዳ አንድ ብርጭቆ ወተት አይጠጣም፤ እርጎ ግን ይበላል፣ አይብ ይበላል፣ ማኪያቶም ይጠጣል። ላክቴዝ የሌላቸው አብዛኞቹ ሰዎች በአንድ ጊዜ እስከ 12 ግራም ላክቶስ፣ ማለትም አንድ ኩባያ ወተት፣ በተለይ ከምግብ ጋር ከሆነ ያለ ብዙ ችግር ይችላሉ። ወተት ጨርሶ ይከልከል ብሎ የሚያዝ ሐኪም ለሕፃን ካልሲየሙና ፕሮቲኑ ከየት እንደሚመጣ አብሮ መናገር አለበት፤ ድርቅ በሚመላለስበት አገር ከልጅ አፍ ወተት መንጠቅ ቀላል ነገር አይደለም።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቼ ደግሞ በደም ውስጥ ያለ አይጂጂ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል ተለክቶ የማይስማማቸው ምግብ ዝርዝር በረጅም ወረቀት ተሰጥቷቸው ይልኩልኛል። ጤፍ ሳይቀር የተከለከለበት አይቻለሁ፤ ጤፍ እንኳንስ ሊከለከል፣ ግሉተን የሌለው እህል ነው። ያ የደም ምርመራ ምግቡን መብላታችሁን እንጂ አለመስማማቱን አያሳይም። የአውሮፓም የአሜሪካም የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራት ለዚህ አይሆንም ብለዋል። ገንዘባችሁን አታባክኑበት።

አዴ አርፈዋል። ልጃቸው አሁንም ወተት ታመጣለች፤ የምታመጣው ግን በጀሪካን ነው፤ ቤቷ ውስጥ አንዲት የታጠነች ቅል ብቻ ቀርታለች፤ ለቤት እርጎ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ይህን ቢያነቡ የምለምናቸው አለ። ቅርብ ናችሁ፤ ዋሂል ውጡ። በየቤቱ ያለውን እርሾ ናሙና ያዙ፤ ስንት ላክቶስ እንደሚቀንስ ለኩ፤ የትኛው እንጨት የትኛውን ባክቴሪያ እንደሚገታ መዝግቡ፤ የጀሪካኑን ችግር የሚፈታ፣ እጅ የሚገባበትና የሚታጠን ዕቃ አስቡ። ሐኪሞቻችንም በሽተኛው ሆዴን ሲል ከክኒኑ በፊት የጾሙን ወቅትና የማለዳውን ብርጭቆ ጠይቁ። ልጃችሁ ወተት ሲጠጣ ሆዱን የሚያመው ከሆነ እናንተም ወላጆች ቀኑንና የበላውን ለሁለት ሳምንት በወረቀት ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ክብደት መቀነስ፣ ደም ወይም ትኩሳት ካለ ግን አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ውሰዱት።